ከፓ ሜላን እስከ ማሩዲ አርባ ደቂቃ

ኖቬምበር 9፣ ሰኞ

ደሜ እንደፈላ ዋለ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ካልጻፍኩት እንቅልፍም አይወስደኝ።

ከቆላ የመጡ የጤና ሹማምንት ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰቡን። የፓ ሜላን ክሊኒካችን ማዋለጃ ክፍል በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል አሉ። ይዘጋል! አዋላጃችን ሲስተር ዳያንም ወደ ቆላው ከተማ ወደ ማሩዲ ትዛወራለች። ለምን ብንላቸው፣ ሩስላን የሚባል መነጽራም ሰውዬ ግድግዳው ላይ ካርታ አበራና የኛን የአውሮፕላን ሜዳ ከማሩዲው ጋር በቀይ መስመር አገናኘው። «ርቀቱ በአየር መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በረራው አርባ ደቂቃ» አለ። «እኔ ራሴ ከቤቴ ቢሮዬ ለመድረስ ከዚህ የበለጠ ይፈጅብኛል!» ብሎም ለብቻው ሳቀ።

እኔ ደግሞ ዝም የምል ሴት ነኝ? ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ጉሙን በካርታዎ ላይ በምን ቀለም ነው የቀቡት?» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ባለቤቴ ቀሚሴን ጎተተኝ። ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናቴ፣ የአየር ጠባይ በኛ ክፍል ሥር አይደለም።»

በክፍላቸው ሥር አይደለም! እኔ በሜዳው ጥግ ሻይ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ስንቱን ሰው ከነሻንጣው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጉም ከወረደ አውሮፕላኑ ይመጣል፣ በላያችን ይዞራል፣ ድምፁን እንሰማለን፣ ተመልሶ ይሄዳል። ቢያርፍስ? ሜዳችን ተራራ ላይ ስለሆነ ሙሉ ጭኖ አይነሣም። እኛም ከነቅርጫታችን እንደ ሩዝ ጆንያ ሚዛን ላይ ወጥተን ነው የምንሳፈረው። ደልደል ያሉ ሰዎች የበዙ ቀን የሆነ ሰው ይቀራል።

ይኼን ሁሉ የምለፈልፈው ያለ ነገር አይደለም። ልጄ ሱፓን ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን፣ ትንሹን ባላንን፣ በኦፕሬሽን ነው የተገላገለችው። ይኼኛውንም እዚያው ማሩዲ ሆስፒታል ነው የምትወልደው፤ ጊዜዋ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ባሏ አጋን ለዲሴምበር 3 ትኬት ቆርጦላታል፤ እዚያ እህቱ ቤት ሆና ቀኗን ትጠብቃለች። ስምንት ወር ካለፋት ያለ ሐኪም ወረቀት አያሳፍሯትማ።

በአርባ ደቂቃ ሊያሳምነኝ። እኔን!

ኖቬምበር 10

ጉም። አውሮፕላን የለም። ሹማምንቱ ሻንጣቸውን ታቅፈው ሻይ ቤቴ ተኮልኩለዋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 12

አሁንም ጉም። አቶ ሩስላን ያቺኑ ሸሚዙን አጥቦ፣ እርጥቧን ለብሶ መጣ። ኑድል ጠብሼ ሰጠሁት፣ አናናስም ቆረጥኩለት። እንግዳ ነው፣ ምን ላድርገው። «እንዴት ነው ጌታዬ፣ አርባው ደቂቃ ገና አላለቀም?» ስለው አንገቱን ደፋ። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ሱፓን ሳህን ልታነሣ ስትመጣ ሆዷን አየና «ልጅዎት ናት?» አለኝ።

«አዎ።»

«መቼ ነው የምትወርደው?»

«በዲሴምበር 3።»

ወደ ውጭ፣ ወደ ጉሙ አየ። «እናቴ፣ እኔ ብሆን በመጀመሪያው አውሮፕላን ነበር የማወርዳት» አለኝ።

ድፍረቱን እዩልኝ! ማዋለጃ ክፍላችንን ዘግቶ፣ የኔን ኑድል እየበላ፣ ለኔው ምክር!

ኖቬምበር 13

ፀሐይ ወጣ፣ ሄዱ። አቶ ሩስላን ሚዛን ላይ ሲወጣ ከመጣበት ቀን ከብዶ ተገኘ። የኔ ኑድል ነው።

ኖቬምበር 18፣ ረቡዕ

የባለቤቴ ወንድም ሚስት ሲና ሉጉን ከማለዳ ጸሎት ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንዴት አደርሽ ሲና ሱፓን?» አለችኝ። ከዚያ ያንን ሳቋን ሳቀችና «መቼስ አያት ከሆንሽ ሁለት ዓመት አለፈሽ፣ አሁንም የሱፓን እናት እያልን እንጥራሽ? እኛ ለሉጉን ልጅ ጎሾቹን ጥለን ስም ስንለውጥ ልጁ ገና ጥርስ አላወጣም ነበር» አለች።

አንጀቴ አረረ። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሶ፣ አገር ጠርቶ፣ አዲስ ስም መቀበል እንዳለብኝ እኔ አጣሁት? አንዱን ዓመት ሩዛችንን ጎርፍ ወሰደው፤ አንዱን ዓመት ባለቤቴ ታመመ። እሷ ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ደግሞ ስሟን ስትለውጥ ጊዜ እኔ ነበርኩ ወጥ ቤቷ ውስጥ ስቃጠል የዋልኩት! አዲሱን ስሟን ግን አልጠራላትም፤ ለኔ ያው ሲና ሉጉን፣ የሉጉን እናት ናት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እንግዲህ ዘንድሮ ይሁና» አለ። ዘመድ ሁሉ ለገና ይመጣል። አጋንም ከባሕር ላይ፣ ከነዳጅ ቁፋሮው፣ እረፍት ይወጣል። የዲሴምበር 12 ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።

የልጁ እናትና አባት ቆመው የየራሳቸውን አዲስ ስም ካልተቀበሉ ግን ድግሱ ድግስ አይባልም። የሱፓን ትኬት ደግሞ የ3 ነው። እሱን እናያለን።

ኖቬምበር 22

አጋን ደወለ። ወሬው ደርሶታል።

«እማማ፣ ድግሱ ለሌላ ጊዜ ቢሆንስ?»

«ለመቼ? ለአጨዳ? ማን እጁ ባዶ ነው በአጨዳ?»

«ሱፓን በ3 ብትወርድ ነው የሚሻለው። ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለን።»

«ልጄ፣ ዘጠኝ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች? እኔ እናቷ አጠገቧ አለሁ። ደግሞ ምን ሩቅ አለ፣ አርባ ደቂቃ እኮ ነው!» አልኩት።

መስመሩ ተቋረጠ። የባሕሩ ስልክ መቆራረጥ ልማዱ ነው።

ሱፓንንም ጠየቅኳት። ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል «አንቺ ያልሽው ይሁን እማዬ» አለች። እንግዲህ እሷም ፈልጋለች ማለት ነው። የራሷ ስም አይደል የሚለወጠው?

ኖቬምበር 29

ዛሬ ሲስተር ዳያንን ሸኘን። አገሩን ሁሉ ያዋለደች ልጅ አንዲት ሻንጣ ይዛ ሄደች። ክሊኒኩ በር ላይ ቁልፍ አንጠልጥለውበታል። ሳየው እንደ ገና ነደድኩ። ጤና ቢሮው ድረስ ሄጄ ያንን ካርታቸውን ባልቀዳድደው!

ሲስተር ዳያን ሚዛኑ ላይ ቆማ እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ። «ሲና ሱፓን፣ ልጅቷ በ3 ትሄዳለች አይደል? የበፊቱ ስፌት ቀልድ አይደለም።»

«እንዴታ!» አልኳት። ሰው በዕንባ መሐል ምን ይባላል? ደግሞ እሷ ከሄደች ወዲያ ሐሳብ መጨመር ለምን?

ዲሴምበር 2

ትኬት ቆራጩ ራባይ የእህቴ ልጅ ነው። የሱፓንን ትኬት ወደ ሰኞ፣ ወደ 14፣ አዛወረልኝ። በየመንደሩ በተራ የሚዞረው ሐኪም ወደኛ የሚመጣው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። እሱ ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ያያታል፣ ወረቀቱን ይጽፍላታል፣ በመጣበት አውሮፕላን እሷ ትሄዳለች። እንዲያውም ይሻላል፣ በሐኪም ታይታ ትሄዳለች።

ራባይ «አክስቴ፣ ጉም ቢወርድስ?» አይለኝ!

«አፍህን ዝጋ፣ ሟርተኛ» አልኩት።

ዲሴምበር 3

ምን ዓይነት ፀሐይ ነው! ተራራው ከነዛፉ ይቆጠራል። አውሮፕላኑ በሰዓቱ መጣ፣ በሰዓቱ ተነሣ። በሱፓን ቦታ አንድ አስተማሪ ሄደ።

ሱፓን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ አውሮፕላኑ እንደ ዝንብ እስኪያንስ አየችው። «ምን ያስቆምሻል፣ እግርሽ ያብጣል!» ብዬ ተቆጣኋት። ገባች።

ዲሴምበር 8

የሩዝ መጠቅለያ ቅጠል አልደረሰም። ሩዝ መቀቀያ ድስት ከሦስት ቤት። አንዱ ጎሽ አጥር ጥሶ ጫካ ገባ፣ ባለቤቴ ከጎረምሶቹ ጋር ሊፈልግ ሄዷል። እንግዶች ዛሬ መምጣት ጀመሩ። ሱፓን ወገቤን አለች። ተቀመጪ አልኳት። ተቀምጣም ቅጠል ታጥባለች፣ እንቢ አትልም። እንደኔው ናት።

ዲሴምበር 13፣ እሁድ

ድምፄ ዘግቷል፣ እግሬ አይሸከመኝም፣ ግን እጽፋለሁ።

እንዲህ ያለ ድግስ ፓ ሜላን አላየችም! ሁላችንም በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖርበት ረጅሙ ቤት ከዳር እስከ ዳር ጢም ብሎ፣ የቀረው ውጭ ሸራ ሥር። ጎሹ ተገኘ፤ አሳማውም፣ በቅጠል የተጠቀለለው ሩዝም፣ ሁሉም ተረፈ። ሽማግሌው ተነሥተው ስማችንን አወጡ። ከትናንት ጀምሮ ሲና ሱፓን የለችም። ዶ ሪቡ ነኝ! ሲና ሉጉን ሳይቀር መጥታ «ዶ ሪቡ፣ አምሮብሻል» አለችኝ። በግድ ቢሆንም ብላለች።

ሱፓንና አጋንም ቆመው ስማቸውን ተቀበሉ። የሱፓን ፊት ገርጥቶ ነበር። ሽማግሌው ንግግር ያስረዝማሉ፣ አጋን ከኋላ በክርኑ ደግፎ ያዛት። አንዲት የቆላ ዘመዳችን ጆሮዬ ሥር «ይቺ ልጅ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። የቆላ ሰው ወጉን ረስቶታል፣ ምን ይፈረድባታል።

ለእንግዳው ሁሉ እንደ ወጉ ሥጋ በቅጠል ቋጥረን ሰጠን። ባዶ እጁን የሚመለስ የለም።

ነገ ሱፓን ትሄዳለች። ሻንጣዋ በር ላይ ነው።

ዲሴምበር 14

ጉም። ሐኪሙ አልመጣም።

ዲሴምበር 15

አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ በላያችን ዞረ። ሁላችንም ሜዳው ላይ አንጋጠን ቆመናል፣ ድምፅ እንጂ ክንፍ የለም። ተመለሰ። መንግሥት ያለበት አገር እንዲህ ይሆናል? መብራት የለ፣ ጉም የሚያይ መሣሪያ የለ፣ አዋላጅ የለ! አርባ ደቂቃ ይበሉኝ አሁን!

ራባይ ሐኪሙ ተራችን ስላለፈ ወደ ሌላ መንደር እንደሄደ ነገረኝ። ታዲያ ወረቀቱን ማን ይጽፋል? «እኔ እንጃ አክስቴ» ይለኛል። እኔ እንጃ ማለት ነው ሥራቸው።

ዲሴምበር 16

አረፈ። በመጨረሻ አረፈ፤ አንድ አውሮፕላን።

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ግን! የኔው እንግዶች፣ ሁሉም ትኬት ይዘው፣ ሁሉም የኔን ሥጋ ታቅፈው። ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሱፓንን እጇን ይዤ በመሐላቸው ጥሼ ገባሁ።

«ራባይ፣ መዝናት።»

«አክስቴ፣ ወረቀት ከሌላት አልችልም።»

«ዳይፐርህን የቀየርኩልህ እኔ ነኝ፣ መዝናት!»

«አብራሪው አይወስዳትም። በመንገድ ላይ ምጥ ቢይዛትስ?»

«በአርባ ደቂቃ ውስጥ? እናንተ ናችሁ አርባ ደቂቃ የምትሉት!» ጩኸቴ ተራራ ይደርሳል። ሚዛኑ ላይ ያለውን የሥጋ ቋጠሮ አንሥቼ ወረወርኩት፤ ቅጠሉ ተፈታ፣ ውሻ ደረሰበት። ሰው እንደ መሣቅም አለ።

ሲና ሉጉን ልጇ ዘንድ ልትሄድ ተሰልፋ ነበር። ከሰልፉ ወጣችና «የኔን ወንበር ስጧት፣ እኔ እቀራለሁ» አለች። ለታይታ ነው። ሰው እያያት ሌላ ምን ትላለች? አንድ ሽማግሌም እቀራለሁ አሉ። ምን ዋጋ አለው? አብራሪው መጥቶ የሱፓንን ሆድ አየ፣ የራባይን ፊት አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሥጋው ግን ሄደ። የጎሽ ሥጋ ወረቀት አይጠየቅም!

ሱፓን እጇን ከእጄ አላቃ ወደ ቤት አመራች። በሰው ሁሉ ፊት ያን ያህል መጮሄ አሳፍሯት ይሆናል።

ዲሴምበር 17

ትናንት ማታ ደም አየች። በሬዲዮ ሄሊኮፕተር ጠየቁ። ጉሙ ካልተነሣ አንመጣም አሉ። አይነሣም። አጋን የዘመዱን ፒክአፕ አመጣ፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ፍራሽ አነጠፈ። በመሬት ልንሄድ ነው። ጌታ ሆይ።

ዲሴምበር 18፣ ማሩዲ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር

ይዘዋት ገብተዋል። ካልጻፍኩ እብዳለሁ።

መንገድ ይሉታል! ግንድ የሚጭኑ መኪኖች አርሰውት የተዉት ጭቃ ነው። በካርታቸው ላይ ያቺ ቀይ መስመር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ እኛ ግን ቀንና ሌሊት ተራራ ስንዞር አደርን። ሁለት ጊዜ ተቀበርን። አንዱ ድልድይ በውኃ ተወስዶ በወንዙ ውስጥ ተሻገርን፤ ውኃው ከሥራችን ሲገባ ሱፓንን አቅፌ ወደ ላይ ያዝኳት። ግንድ ቆራጮቹ ሰፈር ላይ አንድ ወጥ ሠሪ ሙቅ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ሰጠን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። እኔ መንገዱን ሙሉ ቢሮውን፣ ሩስላንን፣ ራባይን፣ አብራሪውን፣ ያንን ወረቀት ስረግም ነው የሄድኩት። ሰው ዝም ብሎ እንዴት ይችለዋል? አጋን መሪውን ጨብጦ ይነዳል። መንገዱ ከባድ ነው፣ ዓይኑን ከሱ መንቀል አይችልም። በኋላ እጁን ሰደደና ሬዲዮ ከፈተ። በዚያ ጫካ ጣቢያ የሚባል የለም፣ ሽሽሽ ብቻ ነው የሚለው። «ዝጋው ልጄ፣ ራሷን ያማታል» አልኩት። አልሰማኝም። እንዲያውም ጨመረው።

አሁን ከኮሪደሩ ማዶ ቆሟል። ና ተቀመጥ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት። ቆሞ ይሻለኛል አለ።

በኋላ

ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፣ በመስታወት ውስጥ አስተኝተዋታል፣ ትተነፍሳለች። ሱፓንም ተርፋለች። የበፊቱ ስፌት ተተርትሮ ነበር አሉ። ማሕፀኗን አውጥተውታል። ሐኪሙ ለአጋን ሲነግረው ሰማሁ፣ ለኔ የነገረኝ የለም። ከእንግዲህ አትወልድም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ማዋለጃ ክፍላችንን የዘጋ ሰው ይኼን ይወቅ! ስሙን ጽፌ አቤት እላለሁ። ከአቤቱታም አልፌ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ዲሴምበር 20፣ እሁድ

ዛሬ አስገቡኝ። ሱፓን ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል፣ ክንዷ ላይ ቱቦ አለ። አጋን መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፀጉሯን ልነካካት ብዬ እጄን ስዘረጋ አንዲት ወፍራም፣ ጨዋታ የምታውቅ ነርስ ገባች። ደም ግፊቷን እየለካች «ከፓ ሜላን ናችሁ አሉ?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ አርባ ደቂቃ በረራ አይደለም እንዴ? እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነበር?»

መጣችልኝ! ከዚያ ከስብሰባው ቀን ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበር፤ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሐኪሙ ተራ፣ ቁልፍ ስለተንጠለጠለበት በር። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

ሱፓን ቀደመችኝ። ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው» አለች። «ድግስ ነበረን። እሱን ካላየሁ አልሄድም ብዬ እናቴን እንቢ አልኳት።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «አይ እናንተ ልጆች! እናታችሁን መቼም አትሰሙ» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞሽ እናቴ። ምን ታደርጊያለሽ፣ የዘንድሮ ልጆች እንዲህ ናቸው» ብላኝ ወጣች።

አጋን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቀረ።

«እማዬ፣ ውኃ» አለች ሱፓን።

ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ከንፈሯ ላይ አደረግኩላት። ቀስ እያለች ጠጣች። ስትጨርስ ብርጭቆውን እንደ ገና ሞላሁት።